የጦር ምርመራ በሲኒማ መጋረጃ ላይ

የአሜሪካን አገር የካውቦይ ፊልም በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፈረሱን፥ ሽጉጡንና አቧራውን ነው። በከተሞቻችን ሲኒማ ቤቶች ያደገው ወጣት «አክተሩ አይሞትም» እያለ ከጓደኛው ጋር የተከራከረው በዚሁ ዓይነት ፊልም ምክንያት ነበር። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ተኩሱ ካቆመ በኋላ የሚመጣውን ክፍል ነው፤ ይኸውም መኮንኖች በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው «ይህ ጦር ስለ ምን ጠፋ? ትእዛዙን የሰጠ ማን ነው? ያልፈጸመስ ማን ነው?» እየተባባሉ የሚመራመሩበት ትርኢት ነው። ትርኢቱ አጭር ነው፤ ዳሩ ግን የፊልሙ ሠሪ ለታሪክ ያለው ታማኝነት ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በእርሱ ነው። በውጊያው ትርኢት ላይ የጠመንጃው ዓይነት ከዘመኑ ጋር ባይገጥም ነገሩ የባለሙያ ትችት ሆኖ ይቀራል። በምርመራው ትርኢት ላይ ግን ማን እንደ ተጠየቀና ማን እንዳልተጠየቀ ይታያል።

ነገሩን ከቡሬ፥ ከፍኖተ ሰላምና በጠቅላላው ከምዕራብ ጎጃም ባላገር ዐይን ለማየት የመረጥነው በከንቱ አይደለም። የዚያ አገር ሰው ሙግትን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ የኖረ ነው። ዳኛ በዛፍ ጥላ ሥር ተሠይሞ፥ ከሳሽና ተከሳሽ «በላ ልበልሃ» ተባብለው፥ በማርና በፈረስ ተወራርደው ሲሟገቱ ያየ አያት የነበረው ቤተ ሰብ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ተመልካች የፍርድ ቤት ትርኢት ሲቀርብለት ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የጠበቃው አንደበት መፍታቱን፥ ምስክሩ መሐላውን መጠበቁን፥ ዳኛውም ወደ ማን እንዳዘነበለ ይመዝናል። ከዚህም ሌላ በ1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ የሆነ አንድ ውጊያ አለ፤ እርሱን በኋላ እናነሣዋለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በአሜሪካን ጦር ደንብ መርማሪ ጉባኤና የጦር ፍርድ ቤት ሁለት ናቸው። መርማሪው ጉባኤ የሆነውን ነገር አጣርቶ አሳቡን ለበላይ አለቃ ያቀርባል እንጂ አይቀጣም፤ የጦር ፍርድ ቤት ግን ይፈርዳል፥ ማዕርግ ይገፍፋል፥ እስከ ሞትም ይቀጣል። የፊልም ሰዎች ሁለቱን ሲያቀላቅሉ ይታያሉ፤ ለእነርሱ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰብሳቢና የሚጮኽ ጠበቃ ካለ ይበቃቸዋል። ለእኛ አገር ሰው ልዩነቱ እንግዳ አይደለም። ከብት ተሰርቆ፥ ጎተራ ተቃጥሎ፥ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ባልታወቀ ጊዜ ይደረግ የነበረው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ከመርማሪው ጉባኤ ጋር የሚመሳሰል ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ በሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ ሽማግሌዎች ተመርጠው ይቀመጡና እያንዳንዱ በተራው እየማለ የሰማውን ያወጣል። የሰማውንም ወፍ እንደ ነገረችው አድርጎ ስለሚናገር ዋናው ምስክር ተሸሽጎ ይኖራል። በዳዩ ከታወቀ በኋላ ፍርዱ የዳኛ ነው። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው በአሜሪካኑ ምርመራ ላይ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «የአገሩ ሰው ሁሉ ተጠርቷልን?» የሚል ይሆናል።

እንግዲህ ለብዙ የካውቦይ ፊልም ምንጭ የሆነውን ታሪክና ምርመራውን እንመልከት። (የውጭ አገሩን ነገር በፈረንጆች፥ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ጁን 25 ቀን 1876 ሌተና ኮሎኔል ጆርጅ ከስተር 7ኛውን ፈረሰኛ ሬጅመንት ይዞ በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ የሰፈሩትን የላኮታና የሸየን ሰዎች ወጋ። ጦሩን ከፋፍሎ ስለ ነበር እርሱና አብረውት የነበሩት ከ200 የሚበልጡ ወታደሮች አለቁ፤ በሻለቃ ማርከስ ሬኖና በሻምበል ፍሬድሪክ ቤንቲን ሥር የነበረው ክፍል ግን በኮረብታ ላይ ተከቦ ቆይቶ ተረፈ። ከሞተው ይልቅ የተረፈው መጠየቁ በየአገሩ ያለ ነገር ነው። ሬኖ በፈሪነት ስለ ታማ ምርመራ እንዲደረግለት ራሱ ጠየቀ። ጉባኤው በ1879 ከጃንዋሪ 13 እስከ ፌብሩዋሪ 11 በቺካጎ ከተማ በፓልመር ሃውስ ሆቴል ተቀመጠ። በመጨረሻም የሻለቃው አድራጎት ነቀፋ የሚያመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ከበታቾቹ አንዳንዶቹ ጦሩን ለማዳን ከእርሱ ይልቅ ደምቀው ታይተዋል የሚል አሳብ አቀረበ። ሙገሳም ወቀሳም ያልሆነ፥ የመሥሪያ ቤት ሰው በደንብ የሚያውቀው ዓይነት ጽሑፍ ነው።

መኮንኖቹ የሬጅመንታቸውን ስም ለመጠበቅ አንደበታቸውን ቆጥበው መሰከሩ እየተባለ እስከ ዛሬ ይጻፋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከላኮታና ከሸየን ወገን አንድ ምስክር እንኳ አለመጠራቱ ነው። ከስተር በየት በኩል እንደ ተከበበ፥ ወታደሮቹም እንዴት እንደ ወደቁ ያዩት እነርሱ ነበሩ። በአፈርሳታ ደንብ ቢሆን ኖሮ ይህ ምርመራ ገና አልተጀመረም ይባል ነበር። ሬኖ በ1880 በሌላ ጥፋት ተከሶ ከጦሩ ተሰናበተ፤ በ1967 የጦር ሠራዊቱ መዝገቡን አርሞ ስንብቱን የክብር አደረገለት። ሰውየው ከሞተ 78 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሆሊውድ ይህን ታሪክ ምን አደረገው? ራውል ዎልሽ በ1941 ያዘጋጀው፥ ኤሮል ፍሊንም ከስተርን ሆኖ የተጫወተበት «ጫማቸውን እንደ ተጫሙ ሞቱ» የተባለው ፊልም የቺካጎውን ምርመራ በሙሉ ጥሎታል። በእርሱ ፈንታ ሌላ ነገር አመጣ። ከስተር በ1876 በአሜሪካን ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በጦር ሰፈር ንግድ ላይ ይደረግ ስለ ነበረው ጉቦ መመስከሩ እውነት ነው፤ ቃሉም አብዛኛው ከሰው የሰማው መሆኑ እውነት ነው። ፊልሙ ከዚህ ተነሥቶ ከሰው የተሰማ ቃል በሕግ አይታመንም፥ የሚሞት ሰው ቃል ግን ይታመናል የሚለውን ደንብ ይይዝና ከስተር በውጊያው ዋዜማ ደብዳቤ ጽፎ እንዲተው ያደርገዋል። ደብዳቤውም ከሞቱ በኋላ ጉቦኞቹን ይረታል። የኑዛዜን ክብር ለሚያውቀው ለእኛ ተመልካች ይህ ልብ የሚነካ ብልሃት ነው፤ የእኛም ልብ ተነክቷል። ነገር ግን ኑዛዜው የፈጠራ ነው። ጦሩን የከፋፈለና የሰፈሩን ብዛት ያልገመተ አዛዥ ሌሎችን ለማዳን አውቆ የሞተ ሰማዕት ሆኖ ቀረበ። ይኸው ሰው በ1867 ያለ ፈቃድ ከጦሩ ተለይቶ በመሄዱና በሌሎችም ጥፋቶች በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ለአንድ ዓመት ከማዕርግና ከደመወዝ መታገዱ አልተነሣም።

ጆን ፎርድ በ1948 ያዘጋጀው «ፎርት አፓቺ» ከዚህ እጅግ የተሻለ ሥራ ነው። ፎርድ የከስተርን ስም አልጠራም፤ አዛዡን ሌተና ኮሎኔል ኦውን ተርዝዴይ ብሎ፥ ጠላቱን ወደ አፓቺ ለውጦ፥ አገሩንም ወደ አሪዞና አዛወረው። የእኛም የልብ ወለድ ደራሲዎች የሚያውቁት መንገድ ነው፤ ስም ሲለወጥ ብዕር ነፃነት ያገኛል። ሄንሪ ፎንዳ የተጫወተው ተርዝዴይ ኩሩ፥ ደረቅና ደንብ አጥባቂ ነው። ሻምበል ዮርክ፥ ማለት ጆን ዌይን፥ ወደ ኮቺስ ሄዶ ቃል ገብቶ የአፓቺውን አለቃ ለንግግር ያመጣዋል፤ ኮሎኔሉ ግን የበታቹን ቃል ያፈርስና፥ ምክሩንም ንቆ፥ ጦሩን ወደ ወጥመድ አስገብቶ ያስፈጀዋል። በፊልሙ መጨረሻ አዛዥ የሆነው ዮርክ ጋዜጠኞችን ተቀብሎ ያነጋግራል። የተርዝዴይን ውጊያ የሚያሳይ አንድ ሥዕል በዋሽንግተን መኖሩን ሲያወሱለት ዮርክ ሥዕሉ ልክ ነው ይላቸዋል። ያልሆነውን ሆነ ብሎ መሰከረ ማለት ነው።

በዚህ ትርኢት ምክንያት ፎርድ ሐሰትን ቀድሷል የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ፎርድ ሁለት ሰዓት ያህል እውነቱን በዐይናችን አሳይቶን ከጨረሰ በኋላ ነው ዮርክን ያስዋሸው። ጋዜጠኞቹ የሆነውን አያውቁም፤ እኛ እናውቃለን። በመርማሪው ጉባኤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተመልካቹ ነው። ዮርክ ለምን እንደ ዋሸም አልተሸሸገም፤ ለሬጅመንቱ ክብርና በስማቸው ለማይጠሩት ሙታን ብሎ ነው። በፓልመር ሃውስ ሆቴል የመሰከሩት መኮንኖች ተደርበው የሚታሙበትም ነገር ይኸው ነበር። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ የከስተርን እውነተኛ ስም የያዘው የዎልሽ ፊልም ከታሪኩ ሸሸ፤ ስሙን፥ አገሩንና ጠላቱን ሳይቀር የለወጠው የፎርድ ፊልም ግን ወደ ቺካጎው ክፍል ደጃፍ ደረሰ። በታሪክ ፊልም ላይ ትችት የሚጽፉ ተማሪዎቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ የቀንና የስም ስሕተት መቁጠር ብቻውን ምርመራ አይደለምና።

ነቀፌታችንን ግን አናስቀርም። ኮቺስ በፊልሙ ውስጥ ይናገራል፤ ስለ ሕዝቡ በደል በክብር ይናገራል፤ በ1948 ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ድል ካደረገ በኋላ ግን በአቧራ ውስጥ ይሰወራል፤ ጋዜጠኞቹ በመጡ ጊዜ እርሱን የሚጠይቀው የለም። ፎርድም እንደ ቺካጎው ጉባኤ ዋናውን ምስክር ሳይጠራ ቀረ። ታሪካዊው ኮቺስ ከስተር ከመውደቁ 2 ዓመት አስቀድሞ በ1874 መሞቱን፥ የፊልሙ ሸለቆ ሞኑመንት ቫሊም የናቫሆዎች እንጂ የአፓቺዎች አገር አለመሆኑን ስለ ሥዕሉ ውበት ብለን እንለፈው።

ይኸው ሰው በ1960 «ሳጅን ራትሌጅ» በተባለው ፊልም ወደ ጦር ፍርድ ቤት ራሱ ገባ። የ9ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ጥቁር የበታች ሹም የአዛዡን ልጅ ደፍሮ ገድሏል፥ አዛዡንም ገድሏል ተብሎ ይከሰሳል፤ ታሪኩም ከምስክሮቹ አፍ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይተረካል። 9ኛውና 10ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንቶች በ1866 ከጥቁር አሜሪካውያን የተቋቋሙ ሲሆኑ ሆሊውድ ብዙ ዘመን ዘሏቸው ኖሯል። ዉዲ ስትሮድ በምስክር ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ ካመለጠ በኋላ ጓደኞቹን ለማዳን ስለ ምን እንደ ተመለሰ ሲናገር ያለው ግርማ የፊልሙ ሁሉ ዋጋ ነው። የፊልሙ ርእስ የእርሱ ስም ሆኖ ሳለ የተጫዋቹ ስም ከነጮቹ ተጫዋቾች ስም በኋላ መጻፉን ግን ሳናነሣ አናልፍም።

የፊልሙ ድካም መጨረሻው ላይ ነው። አንድ ነጭ ነጋዴ በጠበቃው ጥያቄ ተጨንቆ በጉባኤው ፊት በድንገት ወንጀሉን ይናዘዛል። በበላ ልበልሃ ወግ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ሳይስቅ አይቀርም። በሙግት ባላጋራ በነገር ይረታል፥ በምስክር ይረታል፤ በጩኸት ደንግጦ «እኔ ነኝ» ማለቱ ግን ለዳኛ ዕረፍት ለመስጠት የተፈጠረ ይመስላል። ታሪኩም እንዲህ አልነበረም። በ1880 ጆንሰን ዊተከር የተባለ ጥቁር የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ተደብድቦና ከአልጋው ጋር ታስሮ ሲገኝ፥ መርማሪው ጉባኤ በራሱ ላይ ያደረገው ራሱ ነው አለ። ከዚያው ትምህርት ቤት በ1877 የተመረቀው የመጀመሪያው ጥቁር መኮንን ሄንሪ ፍሊፐርም በ1881 በቴክሳስ በፎርት ዴቪስ የጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ፥ ገንዘብ አጉድሏል ከሚለው ክስ ነፃ ሲወጣ ለመኮንን የማይገባ አድራጎት ፈጽሟል በሚለው ተፈርዶበት ተባረረ። የሚናዘዝ ነጋዴ አልመጣላቸውም። ለዊተከር የመኮንንነት ማዕርግ በ1995፥ ለፍሊፐር ምሕረት በ1999 ሲሰጥ ሁለቱም ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር።

ፊልም ሊሆን የሚገባው ምርመራ ግን አንድ አለ። በኖቬምበር 1864 በኮሎራዶ በሳንድ ክሪክ የሸየንና የአራፓሆ ሴቶች፥ ልጆችና ሽማግሌዎች በኮሎኔል ቺቪንግተን ወታደሮች ተፈጁ። ሻምበል ሳይላስ ሶል ወታደሮቹ እንዳይተኩሱ ከልክሎ፥ በ1865 በመርማሪው ጉባኤ ፊት በአለቃው ላይ መሰከረ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶም በዴንቨር ጎዳና ላይ ተገደለ። በ1970 የወጣው «ሶልጀር ብሉ» ፍጅቱን በብዙ ደም አሳየ፤ የዚያን የምስክርነት ወንበር ግን ሳያሳይ ቀረ።

አሁን ወደ ቡሬ መንገድ እንመለስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ከተሻገሩ በኋላ፥ በኮሎኔል ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ በቡሬና በአካባቢው የነበረውን የኢጣልያ ጦር ያስጨንቀው ጀመር። የጌዴዎን ጦር በቁጥር ከጠላት እጅግ ያነሰ ነበር፤ የሱዳን ወታደሮችና በስደት ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተቋቋመው 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ነበሩበት። የማንኩሳ ምሽግም ተመታ። (የዛሬው አንባቢ ማንኩሳን የሚያውቀው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚያ ስለ ጀመሩት ነው፤ ምሽጉን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።) የኢጣልያው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ጦሩን በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ማሸሽ ያዘ። በስተኋላው ዊንጌት ይከተለዋል፤ በፊቱ ደግሞ በደምበጫ አጠገብ በጨረቃ ወንዝ ላይ ቦይል በተባለ እንግሊዛዊ መኮንን የሚታዘዘው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ሰፍሯል። የካቲት 27 ቀን ተጋጠሙ። ኢትዮጵያውያኑ ብዙ እጥፍ ከሚበልጣቸው ጦር ጋር ተናንቀው ከባድ ጉዳት አደረሱበት፤ እነርሱም ተጎዱ፤ ጠላት ግን ጥሶ አለፈ። ስሙ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላም የሚገኘው በዚሁ በተሸሸበት መንገድ ላይ ነው።

ይህ መርማሪ ጉባኤ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። ሻለቃው በመንገዱ አፍ ላይ ስለ ምን ሰፈረ? ጠላት መምጣቱን የነገረው ማን ነው፥ እያወቀ ሳይነግረው የቀረስ አለን? የሚከታተለው ጦር ከኋላ እንዴት ሳይደርስ ቀረ? የእንግሊዝ መኮንኖችና ታሪክ ጸሐፊዎች በመጽሐፎቻቸው ነገሩን አንሥተውታል፤ የሰፈሩን ቦታ የነቀፉ አሉ፤ የወታደሩንም ጀግንነት አመስግነዋል። በእነዚያ ገጾች ላይ ግን የማንኩሳና የደምበጫ ባላገር የሚታየው እንደ መንገድ መሪ፥ እንደ ስንቅ አቅራቢ ወይም እንደ ወሬ አምጪ ሆኖ ነው፤ ስሙና የራሱ ቃል እምብዛም አይገኝም። አርበኛውም ቢሆን ከአለቃው በቀር ስም የለውም። ሌላም ነገር አለ። በሊትል ቢግሆርን የተዋጉት ሁለት ወገኖች በቋንቋ አይግባቡም ነበር። በጨረቃ ግን በኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ከተሰለፈው ወታደር አብዛኛው አስካሪና ባንዳ ነበር፤ ከመካከሉም ከእኛው ወታደር ጋር በአንድ ቋንቋ የሚነጋገር ሞልቶ ነበር። ለጸሐፌ ተውኔት ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል? የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው፤ ምርመራው በትክክል ከተካሄደ የሚጠየቀው ባዕድ ብቻ አይሆንምና።

ቴአትራችን የጦር ችሎትን አያውቅም ማለታችን አይደለም። የኢጣልያ የጦር ፍርድ ቤት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአቡነ ጴጥሮስ ላይ የሰጠው የሞት ፍርድ የመኮንን እንዳልካቸውን «የደም ድምፅ» እና የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» አስገኝቷል። ሁለቱም የሚከበሩ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የጠላት ችሎት ለደራሲ የሚቀል መሆኑን መሸሸግ አይገባም፤ ተመልካቹ መጋረጃው ሳይከፈት ፈርዶ ጨርሷል። በራስ ወገን ላይ የሚቀመጥ ምርመራ፥ ጀግናውን ሳያዋርድ ስሕተቱን የሚጠይቅ ትርኢት፥ በመድረካችንም ሆነ በፊልማችን ቦታው ገና ጠባብ ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1999 ባወጣው «አድዋ» በተባለው ፊልም ሽማግሌዎችን አስቀምጦ፥ ዘፈኑንና ሥዕሉን እንደ ምስክር አድርጎ መጥራቱ በዚህ መንገድ የተወሰደ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የአፈርሳታም መልክ አለው።

የጨረቃን ውጊያ ወደ ፊልም ሊያመጣ የሚያስብ ወጣት ካለ፥ ከሆሊውድ የተወለወለውን ጠረጴዛና በመጨረሻ ሰዓት የሚናዘዘውን ነጋዴ እንዳይወስድ እንለምነዋለን። የምስክሮቹንም አነጋገር ይጠንቀቅ፤ በ1933 ዓ.ም. የነበረ ባላገር እንደ ዛሬ የሕግ ተማሪ ሲናገር ማየት ጠመንጃው ከመሳሳቱ ይልቅ ጆሮን ያቆስላል። ከሁሉ በፊት ግን አስተርጓሚውን አይርሳ። በጌዴዎን ጦር ውስጥ በእንግሊዙ መኮንንና በአገሩ ሰው መካከል ብዙው ነገር የሚያልፈው በእርሱ አፍ ነበር። መኮንኑ በሦስት ቃል ይጠይቃል፤ ባላገሩ ከአባቱ ርስት ጀምሮ፥ ወንዙን ቆጥሮ፥ ሌሊቱን ተርኮ ሩብ ሰዓት ይመልሳል፤ አስተርጓሚውም ያን ሁሉ በሦስት ቃል ይመልሰዋል። በዚያን ጊዜ ካሜራው ከባላገሩ ፊት ላይ ባይነሣ እንወዳለን።